ታምዚ የማን ልጅ ናት?

አክስቴ ዴልፊያ በቁም ካለ ሰው ይልቅ ከሙታን ጋር ትግባባለች። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊትም ነግሬያታለሁ። «ሙት አይዋሽም። ከዋሸም ወረቀቱ ያጋልጠዋል» አለችኝ። በሃርዊክ አውራጃ ፍርድ ቤት ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ክፍል አጠገብ፣ የዘር ሐረግ ማኅበሩ ቢሮ ይገኛል። ቢሮ ስል ሁለት ጠረጴዛ፣ የሻገተ ወረቀት ሽታና እሷ ማለቴ ነው። ማኅበሩን የመሠረተችው እሷ፣ ሊቀመንበሯ እሷ፣ ወለሉን የምትጠርገውም እሷ ናት።

ፀሐይ ሞቅ ሲል እንግዶች ይመጣሉ። አያቶቻቸው ፋብሪካ ፍለጋ ከኬንታኪ ተራሮች ወርደው ኦሃዮና ሚሺጋን የቀሩባቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም ገና ከመቀመጣቸው የሚሉት አንድ ነው፦ «እኛ ቤት ሲወራ፣ ቅድመ አያታችን የቸሮኪ ሕንዶች ልዕልት ነበረች።»

«ልጄ፣ እዚህ አውራጃ ያን ያህል ልዕልት ቢኖር ኖሮ አሳማውን ማን ይጠብቅልን ነበር?» ትላቸዋለች አክስቴ።

ከዚያ ተነሥታ ከመዝገቡ ያገኘችውን ታመጣላቸዋለች። ልዕልት አይደለም፤ የጎረቤት አሳማ ሰርቆ የተቀጣ አያት ነው። ሰዎቹ በመከፋት ፈንታ ተሳስቀው ወረቀቱን ፎቶ ያነሡታል። እኔ የተማሪ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ጠዋት ማታ የሰው ልጅ ጫጫታ ተሸክሜ የምውል ሰው ነኝና ለሙታን የሚተርፍ ትዕግሥት አልነበረኝም። ለአሳማ ሌባ አያት እንባ የሚያወጣ ሰው ሳይ ግራ ይገባኝ ነበር።

ይህች ለአገሩ ሁሉ አያት ስታገኝ የኖረች ሴት ለራሷ አንድ ስም ጎድሏት ነበር።

እኛ የሎረል ሸለቆ ሰዎች ነን። ከቤታችን በላይ ባለው ጉብታ ላይ የሸለቆው መቃብር አለ፤ ሁሉም እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ የተኛ ነው፣ የትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፀሐይ መውጫዋን እንዲያይ። እዚያ መካከል ከወንዝ የመጣ ያልተጠረበ ድንጋይ ቆሟል። በሚስማር ተጭሮ «ታምዚ» ይላል። የአባት ስም የለው፣ ዘመን የለው። ታምዚ የአክስቴ ቅድመ አያት ናት። ገና በልጅነቷ ወልዳ ሞተች፤ ባሏ አይዛክ ስታምፐር ሌላ አገባ፤ ሁለተኛዋ ሚስት ደግሞ የታምዚ ስም በቤቷ እንዳይነሣ ከለከለች። ልጅ እናቱን ሳያውቅ አደገ፣ የልጅ ልጅም እንደዚያው።

ሰው ደግሞ የማያውቀውን በወሬ ይሞላዋል። የአክስቴ ቅድመ አያት «ጎርፍ ያመጣት» ተባለች። አይዛክ ወንዙ ሲጎድል ከዳር ያነሣት፣ ሳያገባት አብራው የኖረች ሴት ተባለች። አክስቴ ትምህርት ቤት ሳለች ልጆቹ ጫማዋን እያዩ «እርጥብ ነው ወይ?» ይሏት ነበር። አባቷም ሊሞት ሲል «የማን ልጅ እንደነበረች ብቻ ባውቅ» አላት። ማኅበሩን ያቋቋመችው በዚያው ዓመት ነው።

በግንቦት መጨረሻ የመቃብር እሑድ የምንለው አለ። የሸለቆው ሰው ሁሉ ወጥቶ የየራሱን መቃብር ያጸዳል፤ ከስስ ወረቀት የተሠራ፣ ዝናብ እንዳያበላሸው ሰም ውስጥ የተነከረ አበባ ያኖራል። ከምሳ በፊት ከየቤተሰቡ አንጋፋው ይቆምና ሙታኑን ከነአባታቸው ይጠራል፤ ሕዝቡ አሜን ይላል። አክስቴ በየዓመቱ ትቆማለች። «አይዛክ፣ የጆኤል ስታምፐር ልጅ» ትላለች፤ አሜን። ከዚያ «ታምዚ…» ትልና ታቆማለች። አፏ ተከፍቶ ይቀራል። አሜን ለማለት የተዘጋጀው ሰው ሁሉ ወደ ጫማው ያያል። ያን ጊዜ እንደማፍር አፍሬ አላውቅም፤ እንደምናደድም እንዲሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ገና በጠዋት ስንደርስ የታምዚ ድንጋይ ሥር አንድ ነጭ የሰም አበባ ተቀምጦ እናገኛለን። «የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው» ትላለች አክስቴ፣ እናልፈዋለን።

አሁን ስለ ሕጉ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሱ ነውና። በፍርድ ቤቱ ኮሪደር የቀዳሚ ቤተሰቦች ግድግዳ የሚባል አለ። አውራጃው ሲቆረቆር ዘሩ እዚህ እንደነበረ በማስረጃ ያረጋገጠ ቤተሰብ ስሙ በነሐስ ተጽፎ ይለጠፍለታል። ማስረጃው ግን ከሃርዊክ መዝገብ ቤት የወጣ መሆን አለበት፤ የሌላ አውራጃ ወረቀት አይገባም። ሕጉን ያረቀቀችው አክስቴ ናት። «ሌላ አውራጃ» ያለችውም ለጨዋነት እንጂ ፔልሃም ማለቷ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፔልሃሞች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ለእኛ የታሰበውን ድልድይ የወሰዱ፣ በኳስ ጨዋታ ዳኛውን በገንዘብ የሚገዙ፣ «ሃርዊክ የኛ ጓሮ ነበር» እያሉ የሚያበሽቁን። እውነትም አውራጃችን ከእነሱ ተቆርሶ የወጣ ነው፤ ግን እውነት ነው ተብሎ ይነገራል እንዴ?

እና ከዓመታት በፊት፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከጅረቱ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን አይሲ ፊውጌት ገባች። አጭር፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። በአንድ እጇ በደረቅ ፖም የተነባበረ ኬክ፣ በሌላው ፖስታ ይዛለች። የፊውጌቶች ታሪክ አጭር ነው፦ ከጋራው ወዲያ እንጨት መሰንጠቂያ ሲሠሩ ኖረው፣ በአይሲ አባት ዘመን እኛ ሸለቆ መሬት ገዝተው የገቡ ናቸው። ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ፖስታውን ወደ አክስቴ አስጠጋች።

«ዴልፊያ፣ ዝም ብለሽ አንብቢው» አለች።

አክስቴ ፖስታው ላይ የፔልሃምን ማኅተም አየች። በአንድ ጣቷ መልሳ ገፋችው።

«የፔልሃም ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይከፈትም።»

«አንብቢው እኮ ነው የምልሽ።»

«ሕግ ሕግ ነው፣ አይሲ። ለአንቺ ብዬ አላፈርሰውም።»

አይሲ ፖስታውን አነሣች። ቀጥሎ ኬኩን አነሣች። ወጣች። እኔ በዚያ ቀን እዚያ የተገኘሁት አክስቴን ልወስድ መጥቼ ነው፤ ኬኩ ሲሄድ ያዘንኩትን አልረሳም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። በመቃብር እሑድ እንኳ ፊውጌቶች በወዲያ፣ እኛ በወዲህ፤ ጠረጴዛችን ሁለት፣ መሐላችን ማንም የማያጭደው ሣር ሆነ።

ዘንድሮ በመጋቢት አክስቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዐይኗ መሐሉ እየጠፋ ነው፤ ዙሪያውን ታያለች፣ ፊት ለፊቷን አታይም። ሐኪሙ በረዶ ከመጣሉ በፊት ማንበብ እንደምታቆም ነገራት። መኪና ውስጥ ስንገባ ዞራ አየችኝ።

«ሮዌና፣ አፍንጫሽ የለም» አለች።

«ለካ ሽታ የማይሸተኝ ለዚያ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረባት። እኔም አለቀስኩ።

«ለስንቱ አነበብኩ» አለች። «አንዲት ስም ለራሴ ሳላነብ ልጨልም ነው።»

በማግስቱ የአውቶቡስ ሥራዬን ጨርሼ ፍርድ ቤት አወረድኳት። የመጨረሻ ሙከራ ናት ብላ ያን በመገለጥ ያለቀ የጋብቻ መዝገብ እንደገና አስከፈተች። አይዛክ ከሁለተኛዋ ሚስቱ ጋር አለ፤ ከታምዚ ጋር የለም። እስከዚህ ዕድሜዋ ስታየው የኖረችው ይህንኑ ነው። ሰልችቶኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ አውራጃው ሲቆረቆር የተሣለ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። ሃርዊክ ቢጫ፣ ፔልሃም አረንጓዴ። ሌላ የማየው ስላልነበረ የቤታችንን ቦታ ፈለግሁ። ወንዙን አገኘሁ፣ ጅረታችንን አገኘሁ። የሎረል ሸለቆ አረንጓዴ ነው።

«አክስቴ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዘበኛው ሳይቀር መጣ። «ነይ! ፔልሃም ነን! ያኔ ፔልሃም ነበርን! ድንበሩ የተዛወረው በኋላ ነው!»

ቀስ ብላ ወጣች። ካርታውን ለማየት አልቀረበችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ዐይን ነበረኝ እኮ። በዚህ ኮሪደር ስንት ዓመት የተመላለስኩ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ሄደሽ አልፈለግሽም?»

«ፔልሃም?» አለች፣ ሲኦል ውረጂ ያልኳት ይመስል።

እዚያው ኮሪደር ላይ ያለ የሌለ ተናገርኳት። ሕጉን ስላወጣች፣ ግድግዳውን ስላቆመች፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ስንት ዓመት እንዳባከነች፣ ምንም አላስቀረሁም። ዘበኛው ጉሮሮውን እየጠራረገ ሄደ። አክስቴ ሰምታ ስትጨርስ ቦርሳዋን ወደ ክንዷ ሳበች።

«መኪናው ነዳጅ አለው?» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋራውን ተሻግረን ፔልሃም ፍርድ ቤት ደረስን። የፔልሃም ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ቨርሊን ኮል የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ሱሪያቸውን በቀይ ማንጠልጠያ የሚያስሩ። አክስቴን በሩ ላይ ሲያዩ ማንጠልጠያቸውን በሁለት አውራ ጣት ለጠጡት።

«ወይዘሮ ዴልፊያ! ምነው፣ ሃርዊክ ወረቀት አለቀ እንዴ?»

«ወረቀትስ ሞልቶናል። የምንጥልበት ቦታ አጥተን ነው የመጣነው።»

«እንኳን ደህና መጡ። ጓሯችን ለካ አልረሳንም።»

«ጓሮ ያለው ሰው ቤቱን ይጠርጋል» አለች፣ ጣቷን መደርደሪያው ላይ አሳልፋ አቧራውን እያሳየቻቸው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እንዲህ የሚመልስላቸው ሰው ከየት ያገኛሉ?

የፈለግነው የዋስ ወረቀት ነው። በዚያ ዘመን ሊያገባ ያሰበ ወንድ ዋስ ይዞ ወደ አውራጃው ከተማ ወርዶ ይፈርማል፤ ጋብቻውን የሚያግድ ነገር እንደሌለ ዋሱ ይመሰክራል። የእነዚያ ዓመታት ወረቀቶች በመዝገብ አልገቡም፤ በየወራቸው በጥብጣብ ታስረው በቆርቆሮ ሣጥን ተከማችተዋል። አቶ ቨርሊን ሣጥኖቹን ደረደሩልንና «መልካም ዕድል» ብለው ሄዱ። እኔ አነብባለሁ፤ አክስቴ ዐይኗን ጨፍና ትሰማለች።

«በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ነው ሰው የሚያገባው» አለች። «ከመስከረም እስከ ገና ያለውን አውጪ።»

አወጣሁ። አነበብኩ። የስንት ሰው ሠርግ አለፈ። አክስቴ ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ «እሱ ሰካራም ነበር፣ ምስኪን ልጅ» ትላለች፣ «እሷ ቀበረችው፣ አይዟት» ትላለች፣ ሟቾቹ ትናንት የነበሩ ይመስል። ሳላውቀው ወረቀት ስፈታ እጄ ይጣደፍ ጀመር። ለካ እንዲህ ነው የሚይዘው! የሚቀጥለው ይሆናል፣ የሚቀጥለው ይሆናል እያልኩ ምሳ ረሳሁ። አይዛክ ግን የለም። ልጃቸው ከመወለዱ በፊት ያለውን ዓመት ጨረስን፣ ከዚያ በፊት ያለውንም፤ የለም። አክስቴ ዐይኗን ገለጠች። ፊቷ ዳምኗል።

«ልክ ነበሩ ማለት ነው» አለች በቀስታ። «አላገባትም።»

«አይዛክ ሥራው ምን ነበር?» አልኳት፣ ዝም ላለማለት ያህል።

«ግንድ ቆራጭ ነበር። በበረዶው ወራት ይቆርጥና በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ግንዱን አስሮ…» አቋረጠች። ክንዴን ያዘችኝ፤ እስካሁን የጣቷ ምልክት ያለብኝ ይመስለኛል። «ሮዌና! ግንዱን አስሮ በጎርፉ ላይ ይነዳል! ወንዙ ደግሞ የሚያልፈው በየት ነው?»

በመስኮቱ አየሁ። ወንዙ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ በታች ይታያል።

«በዚህ!»

«በዚህ! እሱ እንደ ገበሬ በመኸር አይመጣም፤ ከጎርፉ ጋር ነው የሚመጣው! የመጋቢትን አውጪ፣ የመጋቢትንና የሚያዝያን!»

ጥብጣቡን በጥርሴ ፈታሁት ብል አልዋሸሁም። ከላይ አምስት ስድስቱን ገለበጥኩ። ከዚያ እጄ ቆመ።

«አይዛክ ስታምፐር» አነበብኩ። «የሎረል ጅረት ነዋሪ፣ ከታምዚ ፊውጌት ጋር ሊጋባ… የሟቹ የአምብሮዝ ፊውጌት ልጅ… ዋስ፣ ወንድሟ ሃይረም ፊውጌት።»

ጮህኩ። ፔልሃም ፍርድ ቤት እንዲያ ዓይነት ጩኸት የፍርድ ቀን እንኳ የሰማ አይመስለኝም። ወንበሩን ገልብጬ አክስቴን አቀፍኳት፤ አቶ ቨርሊን የሆነ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

«ድገሚው» ትላለች አክስቴ። «አባቷን ድገሚው።»

«አምብሮዝ! የአምብሮዝ ልጅ! ወንድም አላት! ባል አላት! በሕግ ያገባት፣ ዋስ የጠራላት!»

«ጎርፉ ያመጣው እሱን ነው» አለች። «እሷን ሊያገባ። አባዬ፣ ሰማህ ወይ?» እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። አቶ ቨርሊንም መሐረብ አወጡ፤ ሃርዊክ ውስጥ ብነግር ማንም አያምነኝም።

እሳቸው ታዲያ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አደረጉትና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይሄን ወረቀትማ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ፈልጋ አግኝታው ግልባጭ አውጥቼ፣ ማኅተም አድርጌ ሰጥቻታለሁ። እንዲያውም የእናንተው ሸለቆ ሰው ነች። አጭር ነች፤ ለምስጋና የፖም ኬክ አመጣችልኝ።»

አክስቴ የገለበጥኩትን ወንበር በእጇ ፈልጋ አቃንታ ተቀመጠች። እኔም ገባኝ። ፊውጌት የሚለው ስም እስከዚያ ድረስ በጆሮዬ አልፎ ነበር እንጂ ልቤ አልደረሰም ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለካ ለእኛ ነው። ከጅረቱ ማዶ ያለውን ፍለጋ ዕድሜ ሙሉ ዞርን፤ በአንድ ጣት የተገፋው ፖስታ ውስጥ የነበረው ታምዚ ነበረች።

ስንመለስ «አሁኑኑ ደውዪላት» ብዬ ወተወትኳት።

«በስልክ የሚሆን አይደለም። በሰው ፊት ነው የገፋሁት፤ በሰው ፊት ነው የምመልሰው» አለች። ከዚያ፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲል፣ «ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው ይሉ ነበር እናቴ» አለች።

የመቃብር እሑድ ደረሰ። ልቤ ከጠዋት ጀምሮ ይዘላል። ጉብታው ሰው ሞልቶታል፤ ቦሎቄው፣ የበቆሎ ዳቦው፣ ዶሮው በሁለቱም ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ ያ ያልታጨደ ሣር መሐላችን ነው። አክስቴ የታምዚ ድንጋይ ጋ አድርሺኝ አለችኝ። በርከክ ብላ ዳበሰች፤ ነጩን አበባ እጇ አገኘው። በጣቷ አሻሸችውና እንዳለ መለሰችው። ከዚያ ክንዴን ይዛ ሣሩን ማቋረጥ ጀመረች። ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ ያያት ጀመር።

አይሲ ፊውጌት ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ ነበር። ቢላዋ በእጇ ይዛለች፤ ለኬኩ ነው።

«አይሲ።»

«ዴልፊያ።»

«ፔልሃም ሄጄ ነበር።»

ከኋላችን የአንድ ሰው ሹካ ወደቀ።

«ሰምቻለሁ» አለች አይሲ። «ቨርሊን የዚያኑ ዕለት ደወለልኝ።»

«ጥፋተኛ ነኝ። ይህ ሁሉ ሰው ይስማ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ያን ቀን በራስሽ ስም ግድግዳው ላይ ልትወጪ የመጣሽ መስሎኝ ነበር።»

አይሲ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለግድግዳሽ ምን ቸገረኝ? የአያቴን አባት ስፈልግ እኅቱን አገኘኋት፤ የእኅቱ ባል ደግሞ ያንቺው ሰው ሆኖ አገኘሁት። ለአንቺ ነበር ያመጣሁት። ዘመድ ተገኘ ተብሎ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ነው ኬኩን እንኳ የጋገርኩት።»

አክስቴ ክንዴ ላይ ከበደችኝ።

«ታዲያ… ይህን ሁሉ ዓመት…»

«አንብቢው አልኩሽ፤ ሁለቴ አልኩሽ። ከዚያ ወዲያማ ሆድ ይፍጀው አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ በማን ወጣሁ መሰለሽ? የአምብሮዝ ዘር ነኝ እኮ፤ አንቺም ነሽ።» ሰው ሣቀ፤ አይሲ ግን አልሣቀችም። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ደግሞ የተጣላሁት ካንቺ ነው። እሷ ምን አደረገችኝ? እሷን ለአንድም ዓመት አልተውኳትም።»

«አበባው» አለች አክስቴ።

«አበባው።»

ሁለቱ እንዴት እንደተቃቀፉ አላየሁም፤ እኔ ራሴ ዐይኔ ጠፍቶ ነበር። ሳየው አክስቴ የአይሲን ክንድ ይዛለች፤ የእኔ ክንድ ነፃ ወጥቷል። የአይሲ ወንድ ልጅ ማጭድ አምጥቶ ያን ሣር ማጨድ ጀመረ፤ ሌሎቹ ጠረጴዛችንን አንሥተው ከእነሱ ጋር ገጠሙት።

«ሮዌና!» ብላ ጠራችኝ አክስቴ፣ ያው የለመድኩት የትእዛዝ ድምፅ ተመልሶላት። «ሰኞ ማኅበሩን ሰብስቢ። ያ ሕግ ይፍረስ።»

«እኛስ ግድግዳው ላይ ልንወጣ ነው?» አልኳት። «ካርታው እንደሚለው ከሆነ እኮ አንቺ ፔልሃም ነሽ።»

«ቨርሊን ኮል እንዳይሰማሽ» አለች።

የመጥሪያው ሰዓት ደረሰ። ሁልጊዜ በሚቆሙበት ቦታ ሳይሆን የታምዚ ድንጋይ አጠገብ ሁለቱ ቆሙ። አክስቴ ወረቀት አልያዘችም፤ ብትይዝም ዐይኗ አያነብላትም። «አይዛክ፣ የጆኤል ስታምፐር ልጅ» አለች። አሜን አልን።

«ታምዚ…» አለች፤ ከዚያ እንደ ዓመታቱ ሁሉ ቆመች። አሁን ስሙ ጠፍቷት አይደለም፤ እንባ ቀድሟት ነው። አፏ ተከፍቶ ቀረ። ማንም ግን ወደ ጫማው አላየም፤ ሁላችንም ቀና ብለን ጠበቅናት። አይሲ እጇን ጠበቅ አደረገችላት፤ በዚያ ብዙ በማይናገር አፏ ጮክ ብላ ጨረሰችላት።

«የአምብሮዝ ፊውጌት ልጅ!»

አሜን ያልነው፣ እንጃ፣ ጋራውን ተሻግሮ ፔልሃም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።